«ሺማ ኡታ»፦ የጃፓኑ «ዘ ቡም» የሮክ ባንድ ዜማዎችና ያዘሉት የኦኪናዋ ታሪክ

ሙዚቃ የአንድን ሕዝብ ደስታና ኀዘን፣ ድልና ሽንፈት ከትውልድ ወደ ትውልድ በማስተላለፍ ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው የባህል ዘርፎች አንዱ ነው። በመዝገብ ቤት የተቀመጠን ሰነድ ፈልጎ የሚያነበው ሰው ጥቂት ሲሆን በዜማ የተነገረ ታሪክ ግን ቋንቋውን ከማያውቅ አድማጭ ጆሮ ጭምር ይደርሳል። «ዘ ቡም» የተባለው የጃፓን የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ በ1992 ለሕዝብ ያቀረበው «ሺማ ኡታ» የተሰኘ ዜማ ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ነው።

የዜማው ርዕስ በአማርኛ «የደሴት ዘፈን» እንደማለት ነው። ላይ ላዩን ለሚያደምጠው ሰው የአበባ፣ የነፋስ፣ የባሕርና የመለያየት ዘፈን ይመስላል። በውስጡ የያዘው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በደቡባዊቷ የኦኪናዋ ደሴት ያለቁ ሰዎችን ታሪክ ነው። በአገራችን የሥነ ግጥም ባህል ሰምና ወርቅ የሚባለው አነጋገር በዚህ የጃፓን ዜማ ውስጥ በግልጽ ይታያል ማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ የባንዱን አመጣጥ፣ የዜማውን ታሪካዊ መነሻና የአሠራሩን ስልት ያብራራል። ከዚሁ ጋር ከባንዱ ሥራዎች መካከል ሊደመጡ ይገባቸዋል የተባሉትን ይጠቁማል።

ከጎዳና የተነሳ ባንድ

«ዘ ቡም» የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1986 ሲሆን አባላቱ አራት ነበሩ። የባንዱ ድምፃዊና የአብዛኞቹ ዜማዎች ደራሲ ካዙፉሚ ሚያዛዋ እ.ኤ.አ በ1966 በያማናሺ ግዛት በኮፉ ከተማ የተወለዱ ናቸው። ታካሺ ኮባያሺ በጊታር፣ ሂሮማሳ ያማካዋ በቤዝ ጊታር፣ ታካኦ ቶቺጊ ደግሞ በከበሮ ተጫዋችነት የባንዱ አባላት ሆነው ሠርተዋል።

ወጣቶቹ በመጀመሪያ የታወቁት በቶኪዮ ሃራጁኩ በተባለው አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን በሃራጁኩ አንድ አውራ ጎዳና በእረፍት ቀናት ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ለእግረኛ ይለቀቅ ስለነበር በርካታ ጀማሪ ባንዶች መሣሪያዎቻቸውን አስፋልት ላይ ዘርግተው ይጫወቱ ነበር። ከእነዚህም አንዱ «ዘ ቡም» ሲሆን እ.ኤ.አ በ1989 የመጀመሪያ አልበሙን ለገበያ አቅርቧል። የባንዱ ቀደምት ሥራዎች ከጃማይካ በመነጩት የስካና የሬጌ ስልቶች ላይ የተመሠረቱ፣ ፈጠን ያሉና ለጭፈራ የሚጋብዙ ነበሩ።

ባንዱ ፊቱን ወደ ኦኪናዋ ያዞረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህንን ለመረዳት የደሴቲቱን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የኦኪናዋ ታሪካዊ ዳራ

ኦኪናዋ ዛሬ የጃፓን አንድ ግዛት ብትሆንም ለረዥም ዘመን የራሷ ንጉሥ የነበራት የሪዩኪዩ መንግሥት ማዕከል ነበረች። እ.ኤ.አ በ1429 የተዋሐደው ይህ መንግሥት ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጋር በሚያካሂደው የባሕር ንግድ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ በ1609 የሳትሱማ መሳፍንት ወረው አስገበሩት። እ.ኤ.አ በ1879 ደግሞ የጃፓን መንግሥት ንጉሡን ከዙፋን አውርዶ አገሩን «የኦኪናዋ ግዛት» ብሎ ከራሱ ጋር ቀላቀለው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት የደሴቲቱ ነዋሪዎች ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን ትተው የዋናውን ጃፓን እንዲይዙ ጫና ተደርጎባቸዋል። በትምህርት ቤት በአካባቢው ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ለቅጣት የእንጨት ሰሌዳ በአንገቱ ይንጠለጠልበት እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። የዚህ ውጤት ዛሬም ይታያል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ በ2009 ባወጣው ሰነድ ስድስት የሪዩኪዩ ቋንቋዎችን የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው የዓለም ቋንቋዎች ተርታ መድቧቸዋል።

ከሁሉም የከፋው ግን የ1945ቱ ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1 ቀን 1945 በዋናው ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ አረፈ። የተደራጀው ውጊያ እስካበቃበት እስከ ሰኔ 23 ቀን ድረስ የነበረው የመድፍና የቦምብ ውርጅብኝ በነዋሪዎቹ ዘንድ «የብረት አውሎ ነፋስ» የሚል ስያሜ አግኝቷል። በጦርነቱ ከሁለቱም ወገን ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከእነዚህ ውስጥ 94 ሺህ ያህሉ የጦር መሣሪያ ያልያዙ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ነበሩ። ከኦኪናዋ ሕዝብ ከአራት ሰው አንዱ እንዳለቀ ይነገራል።

ብዙዎቹ የሞቱት በጥይት ብቻ አልነበረም። በጠላት እጅ መውደቅ ከሞት የከፋ ውርደት መሆኑ በትምህርትና በወታደራዊ ትዕዛዝ ሲሰበክላቸው የኖሩ ቤተሰቦች በተሸሸጉባቸው ዋሻዎች እርስ በርስ ተጋድለዋል። ዮሚታን በተባለው መንደር በሚገኘው የቺቢቺሪ ዋሻ ከተጠለሉት 140 ያህል ሰዎች መካከል 83ቱ በዚህ ሁኔታ ሕይወታቸው አልፏል።

የዜማው መነሻ

በጦርነቱ ዋዜማ ከሁለት የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 222 ተማሪዎች ከ18 መምህራን ጋር በወታደራዊ ሆስፒታል ቁስለኞችን እንዲያስታምሙ ታዘዙ። ሆስፒታሉ በኮረብታ ውስጥ የተቆፈረ ዋሻ ነበር። በታሪክ «ሂሜዩሪ» በሚለው ስም የሚታወቁት እነዚህ ተማሪዎች ውሃ ሲቀዱ፣ ምግብ ሲያመላልሱ፣ የተቆረጠ የሰው አካል ሲያወጡና አስከሬን ሲቀብሩ ቆዩ። የጃፓን ጦር ወደ ደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ ተገፍቶ መውጫ ባጣ ጊዜ እ.ኤ.አ ሰኔ 18 ቀን 1945 ምድባቸው መበተኑ ተነግሯቸው በጦር ሜዳ መካከል ተለቀቁ። ከ240ው ተማሪዎችና መምህራን 136ቱ ሲሞቱ አብዛኞቹ ያለቁት ከዚህ ትዕዛዝ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት ነው።

ከሞት የተረፉት ተማሪዎች በእርጅና ዘመናቸው ታሪካቸውን ለትውልድ ለማስተላለፍ በኢቶማን ከተማ የሂሜዩሪ የሰላም ሙዚየምን እ.ኤ.አ በ1989 አስከፈቱ። ጎብኚዎችን ተቀብለው ያዩትን በራሳቸው አንደበት የሚያስረዱትም እነርሱ ነበሩ።

ድምፃዊ ሚያዛዋ ይህንን ሙዚየም በጎበኙበት ወቅት ከተረፉት ተማሪዎች አንዷ የሆኑት አዛውንት የነገሯቸውን አዳምጠዋል። በራሳቸው አገር የተፈጸመውን ይህን ጉዳይ እስከዚያ ቀን አለማወቃቸው እንዳስቆጣቸውና ዜማውንም ለእኒያ አዛውንት እንዲደርስ በማሰብ እንደጻፉት በተለያዩ ጊዜያት አብራርተዋል። «ሺማ ኡታ» በመጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ በጥር 1992 በባንዱ አራተኛ አልበም ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኦኪናዋ ቋንቋ የተዘፈነው ቅጂ ለብቻው ታትሞ በደሴቲቱ ተወዳጅነትን አተረፈ። እ.ኤ.አ በሰኔ 1993 የቀረበው ቅጂ ደግሞ በመላው ጃፓን ተሰራጭቶ ሽያጩ ከ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሆኗል።

የዜማው ሰምና ወርቅ

የዜማው ግጥም የሚጀምረው ዴይጎ የሚባል ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ማበቡን በመናገር ነው። ዴይጎ የኦኪናዋ ግዛት መለያ አበባ ሲሆን በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች በአጥርነት የሚተከለውና ኮርች የሚባለው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። በኦኪናዋ አባባል ዴይጎ እጅግ ባበበበት ዓመት ብርቱ አውሎ ነፋስ ይመጣል። ዛፉ የሚያብበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በመሆኑ የአበባው ወራትና የአሜሪካ ጦር ወደ ደሴቲቱ የመጣበት ወቅት አንድ ነው። ሰሙ አበባና ነፋስ ሲሆን ወርቁ ጦርነቱ ነው። በሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ ስለተዋወቁና ስለተለያዩ ሁለት ሰዎች የሚናገረው ክፍልም በዋሻ ውስጥ ያለቁትን የሚያስታውስ ነው።

ደራሲው ይህንን መልእክት በግጥም ብቻ ሳይሆን በዜማው ቅኝት ጭምር አስተላልፈዋል። የኦኪናዋ ባህላዊ ሙዚቃ የሚሠራበት ባለ አምስት ድምፅ ስልት ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲ የሚባሉትን ድምፆች የያዘ ነው። ለሙዚቃ ቅርበት ላለው ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ባቲ በአንደኛው መልኩ የሚደረደረው በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በዚህ ረገድ አንዱ ከሌላው የወሰደው ነገር ባይኖርም «ሺማ ኡታ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ የአገራችን አድማጭ የሚያውቀው ነገር የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የዜማው አብዛኛው ክፍል በዚህ የደሴቲቱ ቅኝት የሚሄድ ቢሆንም መለያየቱ በሚነገርበት አንድ አጭር ክፍል ላይ ቅኝቱ ይለወጣል። በዚህ ቦታ የሪዩኪዩ ቅኝት ቀርቶ በዋናው ጃፓን የተለመደው የድምፅ አደራደር ይገባል። ሚያዛዋ ቆየት ብለው እንደገለጹት ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ነዋሪዎቹን እርስ በርስ ወደ መጋደል የገፋቸው ከዋናው ጃፓን የመጣው ሥርዓት በመሆኑ ያንን ክፍል በደሴቲቱ ቅኝት ማዜም ተገቢ ሆኖ አልታያቸውም። በሌላ አነጋገር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በቃል ሳይሆን በቅኝት ተነግሯል። አድማጭ ግጥሙን ባይረዳም በዚያ ክፍል የሚሰማውን የመንፈስ ለውጥ ልብ ሊለው ይችላል።

የሌላውን ኀዘን ማዜም

ዜማው ተወዳጅ ቢሆንም ከጥያቄ ነፃ አልነበረም። ደራሲው የዋናው ጃፓን ተወላጅ ናቸው። በደሴቲቱ ላይ በደል ካደረሰው ወገን የተወለደ ሰው የደሴቲቱን ቋንቋ፣ ቅኝትና የሙዚቃ መሣሪያ ወስዶ ስለ ሟቾቿ ማዜሙ ተገቢ ነው ወይ የሚል ቅሬታ ከአንዳንድ የኦኪናዋ ሰዎች ተሰምቷል። ኦኪናዋ ከጦርነቱ በኋላ እስከ ግንቦት 15 ቀን 1972 በአሜሪካ አስተዳደር ሥር መቆየቷና ከጃፓን የቆዳ ስፋት 0 ነጥብ 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዛ ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከተከለለው መሬት 70 በመቶ ያህሉን መሸከሟ ለቅሬታው ክብደት ይሰጠዋል።

ሚያዛዋም ይኸው ጥያቄ ዜማውን ለሕዝብ ከማቅረባቸው አስቀድሞ እንዳሳሰባቸው ተናግረዋል። እንዲዘፍኑት ካበረታቷቸው ሰዎች መካከል የኦኪናዋን ባህላዊ ሙዚቃ ከሮክ ጋር በማዋሐድ ፈር ቀዳጅ የሆኑት ሾኪቺ ኪና ይገኙበታል። ድምፃዊው ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የደሴቲቱን ሙዚቃ ከባለቤቶቹ እየተማሩና ከኦኪናዋ ሙዚቀኞች ጋር እየሠሩ መቆየታቸው ጥርጣሬውን ለማለዘብ አስተዋጽኦ አድርጓል። ዛሬ ዜማው በራሳቸው በኦኪናዋ ድምፃውያን ጭምር ይዘፈናል።

ከኦኪናዋ እስከ ቦነስ አይረስ

ከኦኪናዋ ወደ ላቲን አሜሪካ የሚደረገው ስደት ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የቆየ ሲሆን በአርጀንቲና የሚኖሩ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ዜጎች አብዛኞቹ ከዚህች ደሴት የሄዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። በቦነስ አይረስ የሚኖሩት አርጀንቲናዊው ተዋናይና ድምፃዊ አልፍሬዶ ካሴሮ «ሺማ ኡታ»ን ሰምተው ወደዱት። ወደ ስፓኒሽ ሳይተረጉሙ በጃፓንኛ እንዳለ ዘፍነው በአልበማቸው ውስጥ አካተቱት።

ይህ ቅጂ በአርጀንቲና ከፍተኛ ተቀባይነት ያገኘ ሲሆን ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በጋራ ባዘጋጁት የ2002 የዓለም ዋንጫ ለአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን መዝሙርነት አገልግሏል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካሴሮ ወደ ጃፓን ተጉዘው በብሔራዊው ማሠራጫ በኤን ኤች ኬ የዓመቱ ማጠቃለያ የዘፈን ዝግጅት ላይ ከ«ዘ ቡም» ጋር በአንድ መድረክ አዚመዋል።

ሊደመጡ የሚገባቸው ሥራዎች

ከባንዱ ጋር ለመተዋወቅ ለሚፈልግ አድማጭ ቀዳሚው «ሺማ ኡታ» ነው። እ.ኤ.አ በ1993 ከወጣው ቅጂ መጀመርና ቀጥሎ በኦኪናዋ ቋንቋ የተዘፈነውን፣ በመጨረሻም የካሴሮን ማድመጥ ይመረጣል። በመግቢያው የሚሰማው መሣሪያ ሳንሺን ይባላል። ሦስት ክሮች ያሉትና ገላው በእባብ ቆዳ የተሸፈነ ሲሆን ከቻይና ወደ ሪዩኪዩ፣ ከሪዩኪዩም ወደ ዋናው ጃፓን ተሻግሮ ሻሚሴን ለተባለው መሣሪያ መነሻ ሆኗል።

ሁለተኛው «ካዜ ኒ ናሪታይ» ነው፤ ትርጉሙም «ነፋስ መሆን እፈልጋለሁ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ በ1994 በወጣው «የሩቅ ምሥራቅ ሳምባ» በተሰኘ አልበም ውስጥ ተካትቶ በ1995 ለብቻው ታትሟል። የብራዚል ሳምባ ከበሮዎች በብዛት የሚሰሙበት ይህ ዜማ በጃፓን ትምህርት ቤቶች በኅብረት ይዘመራል። ከ«ሺማ ኡታ» ኀዘን በኋላ መንፈስን የሚያድስ በመሆኑ አስከትሎ መስማቱ ተመራጭ ነው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ በ1990 የወጣው «ቹኦ ሴን» ነው። ስያሜው ከቶኪዮ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀውና እስከ ድምፃዊው የትውልድ ከተማ ኮፉ የሚያደርሰው የባቡር መሥመር ነው። ረጋ ያለና አጭር ሲሆን በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ናፍቆት ይነገርበታል። ታዋቂዋ የፒያኖ ተጫዋችና ድምፃዊት አኪኮ ያኖም ደግመው ተጫውተውታል።

አራተኛው እ.ኤ.አ በ1989 የቀረበው «ሆሺ ኖ ራብ ሌተር» ወይም «የኮከብ የፍቅር ደብዳቤ» ነው። ባንዱ ከሃራጁኩ ጎዳና ይዞት የመጣውን ቅልጥፍናና ደስታ የሚያሳይ በመሆኑ ከኋለኞቹ ሥራዎች ጋር ለማነፃፀር ይጠቅማል።

ከዚህ በተጨማሪ የኦኪናዋን ሙዚቃ ከራሷ ልጆች መስማት ለሚሻ አድማጭ የሾኪቺ ኪና «ሃና» የተሰኘው ዜማ ተገቢ አጃቢ ነው። ርዕሱ «አበባ» ማለት ሲሆን እ.ኤ.አ በ1980 በወጣ አልበም የቀረበና በበርካታ የእስያ አገሮች የተዘፈነ ነው።

ከዜማው በኋላ

«ዘ ቡም» እ.ኤ.አ በ2014 ሥራውን አቁሞ አባላቱ ተለያይተዋል። «ሺማ ኡታ» ያስከተለው ሥራ ግን አልተቋረጠም። ለሳንሺን አንገት ከሁሉ የሚመረጠው እንጨት በደሴቲቱ «ኩሩቺ» የሚባለው ጥቁር ዞጲ ነው። ይህ ዛፍ እጅግ አዝጋሚ እድገት ያለው በመሆኑ ለመሣሪያ ሥራ እስኪበቃ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። በኦኪናዋ የነበረው ክምችት በመመናመኑ የሳንሺን ሠሪዎች ከውጭ የሚገባ እንጨት መጠቀም ግድ ሆኖባቸዋል።

ሚያዛዋ ዜማቸው ብዙ ሰው ሳንሺን እንዲይዝ ማድረጉ ለእንጨቱ ፍላጎት መጨመር ምክንያት መሆኑን በመገንዘብ እ.ኤ.አ በ2012 ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር በመተባበር በዮሚታን መንደር የኩሩቺ ችግኝ ተከላ ጀምረዋል። እንቅስቃሴው የመቶ ዓመት ዕቅድ የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። ተሳታፊዎቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ችግኞቹን ያርማሉ፤ ይንከባከባሉ። ከእነርሱ መካከል ዛፎቹ ለሳንሺን ሲደርሱ በሕይወት ቆይቶ የሚያይ እንደማይኖር ሁሉም ያውቃሉ።

የዮሚታን ሕዝብ ታሪክ ለዚህ ተግባር ልዩ ትርጉም ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1 ቀን 1945 የአሜሪካ ጦር ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ የዚሁ መንደር የባሕር ዳርቻ ሲሆን የቺቢቺሪ ዋሻም በዚያው ይገኛል። ከጦርነቱ የተረፉት የደሴቲቱ ሰዎች በመጠለያ ካምፕ ሳሉ በወታደሮች የተጣለ የምግብ ቆርቆሮ ለገላ፣ የጃንጥላ ገመድ ለክር፣ ያገኙትን እንጨት ለአንገት አድርገው «ካንካራ ሳንሺን» የሚባል መሣሪያ ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ያኔ እንጨት የጠፋው ምድሪቱ በቦምብ በመታረሷ ነው።

በማቡኒ ኮረብታ እ.ኤ.አ በ1995 በተመረቀው የሰላም መታሰቢያ ላይ ዜግነትና የጦር ጎራ ሳይለይ ከ240 ሺህ በላይ የሟቾች ስም ተቀርጿል። በየዓመቱ ሰኔ 23 ቀን የግዛቲቱ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሟቾች ይታሰባሉ። «ሺማ ኡታ»ን የሚያደምጥ ሰው ከእነዚህ ስሞች አንዱንም ላያውቅ ይችላል። በዜማው መካከል ቅኝቱ የተለወጠበትን ምክንያት የተረዳ አድማጭ ግን ዘፈኑን ከዚያ በኋላ እንደ ተራ የፍቅር ዘፈን አይሰማውም።